ማን ልበል? ኮምፒዩተር የሴንሰሮችን ገመድ በራሱ ለይቶ ስለሚያውቅበት ዘዴ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ተማሪ ሲናገር ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንድ ገመድ ነውና ይቅርታችሁ አይለየኝ። ገመዱ ርዝመቱ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። በአንደኛው ጫፉ ኮምፒዩተር፣ በሌላኛው ጫፉ ዝናብ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ባለፈው ክረምት ይህ ገመድ አራት ቀን ሙሉ የዘነበውን ዝናብ አልዘነበም አሰኘ። ጥፋቱም የገመዱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ።

ዝናብ መቁጠር ምን ይረባል የሚለኝ ሰው ከእናንተ መካከል ያለ አይመስለኝም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምናየው ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ ውሃቸውን ከዚህ ተራራ እየተቀበሉ፣ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። እንግዲህ እኛ ደጅ ላይ የወረደው ዝናብ ጥቂት ቆይቶ በፎገራ ገበሬ የሩዝ ማሳ ላይ ይታያል። ልክ ሲሆን ሩዝ ያበቅላል፤ ሲበዛ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም እንደ ታየው ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላል። መንግሥት ያቆመው የሜትዮሮሎጂ ጣቢያ በከተማችን መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የደጋ ዝናብ ጠባዩን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአንዱ ሸንተረር ላይ በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ በማዶው አውድማ ላይ አቧራ ይነሣል። ስለዚህ መለኪያው ሲበዛ ዕውቀቱም ይበዛል። የሳይንስ ክበባችን አሳብ ይኸው ነበር።

አሁን መሣሪያዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ሁለት ናቸው። አንደኛው በጣራው ጠርዝ በኩል የተተከለው የዝናብ መለኪያ ነው። በውስጡ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብሉ ሁለት ትንንሽ ማንካዎች አሉ። በሰፊው አፍ የገባው ውሃ አንዱን ማንካ ሲሞላው ማንካው ይገለበጥና ሌላው በፋንታው ይቀርባል። አንድ ጊዜ በተገለበጠ ቁጥር 0.2 ሚሊሜትር ዝናብ ወረደ ማለት ነው፤ አምስት ጊዜ ሲገለበጥ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። 1 ሚሊሜትር ማለትም በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ በትምህርት ቤቱ የድንች መደብ ውስጥ የተቀበረ፣ ዲኤስ18ቢ20 የሚባል የሙቀት ሴንሰር ሲሆን የአፈሩን ሙቀት ይነግረናል። እያንዳንዳቸው አርዱኢኖ ከተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ተያይዘዋል። ሰሌዳዎቹም በየደቂቃው አንዳንድ ቁጥር በገመድ አድርገው በቤተ ሙከራው ጥግ ወዳለው አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይልካሉ። ኮምፒዩተሩ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ይሠራል። ቁጥሮቹን ተቀብሎ በፋይል የሚጽፈውን ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም ስጽፈው ትንሽ ሳልኰራ አልቀረሁም።

እዚህ ላይ ስለ ገመዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሴንሰሮች የሚናገሩበት ቋንቋ ሲሪያል ይባላል። ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ አንድ በአንድ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ለዚህ ዓይነቱ ንግግር አርኤስ-232 የሚባለው ደንብ የወጣው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ ከብዙዎቹ ወላጆቻችን ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ፍጥነቱ እንደ ተስማሙበት ነው፤ የእኛዎቹ በሰከንድ 9,600 ቢት ይልካሉ፤ ይህም በሰከንድ 960 ፊደል ያህል ይሆናል። ለዝናብ ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። በኋላ ግን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ዩኤስቢ የሚባለው አዲስ ደንብ መጣ፤ የድሮው ሰፊ መሰኪያም ከኮምፒዩተሮች ጀርባ እየጠፋ ሄደ። ሲሪያል ብቻ የሚያውቀው መሣሪያ ከዩኤስቢ ጋር ይነጋገር ዘንድ በመካከላቸው አስተርጓሚ ቺፕ ገባ። አስተርጓሚውን አስማሚ ወይም አዳፕተር ይሉታል። በእኛ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ሲኤች340 የሚባለው ነው፤ ርካሽ ስለ ሆነ በተማሪ እጅ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው።

አስተርጓሚው ኮምፒዩተር ላይ በተሰካ ጊዜ ሊኑክስ ስም ያወጣለታል። ቀድሞ የተገኘው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ይባላል፤ የሚከተለው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» ይሆናል። በዊንዶውስም ቢሆን «ኮም 3»፣ «ኮም 4» እየተባለ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔም በፕሮግራሜ ውስጥ «0 ዝናብ ነው፤ 1 አፈር ነው» ብዬ ጻፍሁ። በዚያን ቀን እውነት ነበር።

ከዚህ በላይ ደግሞ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ሁለት ጠባቂ አቆምሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል ብዬ አላሰብሁም፤ ስለዚህ የዝናብ ቁጥር ከ5 ቢበልጥ ስሕተት ነውና 0 ተብሎ ይጻፍ። የድንች መደባችን አፈርም ከ5 ዲግሪ በታች አይቀዘቅዝም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢመጣ ስሕተት ነውና የቀድሞው ቁጥር ይደገም አልሁ። መምህሬም አይተው «መልካም ጥንቃቄ ነው» አሉኝ። ዛሬ እዚህ ስለ ተቀመጡ ይህን መናገሬን ይቅር ይበሉኝ።

ነሐሴ 12 ቀን ማታ መብራት ሄደ። የቡሄ ዋዜማ ነበር። የቡሄ በዓል ደብረ ታቦር ተብሎ በከተማችን ስም እንደሚጠራ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም እንደ ሌላው ልጅ ከቤተሰቤ ጋር በዓሉን ለማክበር ከከተማ ወጥቼ አያቴ ዘንድ ነበርሁ። ሌሊቱን መብራቱ ተመለሰ፤ ኮምፒዩተሩም እንዳዘዝሁት በራሱ ተነሣ፤ ፕሮግራሙም ሥራውን ጀመረ። ነገር ግን በዚህ አነሣሥ የአፈሩ ሰሌዳ ቀድሞ ተገኘና 0 ተባለ፤ የዝናቡ ሰሌዳ ዘግይቶ 1 ሆነ። ልብ በሉ፤ ገመዱን የነካ ሰው የለም፤ የተበላሸም ነገር የለም። የመድረስ ተራቸው ብቻ ተለዋወጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱ። የአፈሩ ሙቀት 14 ዲግሪ ተኩል ተብሎ ሲላክ ፕሮግራሙ 14 ሚሊሜትር ተኩል ዝናብ መጣ ብሎ ያስባል፤ ጠባቂዬም «ከ5 ይበልጣል፤ ስሕተት ነው» ብሎ 0 ይጽፋል። እውነተኛው ዝናብ ደግሞ በሌላው ገመድ 0.2 ወይም 0.4 እያለ ሲመጣ፣ ሁለተኛው ጠባቂ «አፈር እንዲህ አይቀዘቅዝም» ብሎ ይጥለውና የቀድሞውን ሙቀት ይደግማል። በዚህ ሁኔታ አራት ቀን አለፈ። ነሐሴ 17 ቀን ስመለስ ፋይሉን ከፈትሁ። ከነሐሴ 13 እስከ 16 የዝናቡ ዓምድ ከላይ እስከ ታች 0 ነበር። በእውነቱ እኔ ደስ አለኝ፤ ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው አነጋገር እውነት ሆነ ብዬ ለጓደኞቼ ነገርሁ።

ይህን ስናወራ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙን ነበር። እንዲህም አሉኝ፦

«ልጄ፣ መኪናህ አልዘነበም አለ?»

«አዎን አባባ፤ አራት ቀን ደረቅ ነበር።»

«እንዲያ ከሆነ ይህን ካፖርት ማን አበሰበሰው?»

ካፖርታቸውን ከሚስማሩ ላይ አውርደው አሳዩኝ። ገና አልደረቀም ነበር።

ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔ ግን ላብ አሰመጠኝ። ወደ ፋይሉ ተመልሼ የአፈሩን ዓምድ ባየው ቀንና ሌሊት፣ አራት ቀን ሙሉ ያለ አንዳች ለውጥ 14.5 ይላል። እንዲህ ያለ አፈር በዓለም ላይ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ይበልጥ የከበደኝ ግን ቁጥሮቹን ማስመለስ አለመቻሌ ነው። ፕሮግራሙ የመጣውን እንደ መጣ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ዓምዶች አለዋውጬ አቀናው ነበር። ጠባቂዎቼ ግን እውነተኛውን ቁጥር ጥለው በፋንታው የራሳቸውን ጻፉ። ያ የአራት ቀን ዝናብ በዘበኛችን ካፖርት ላይ ካልሆነ በቀር የትም ሳይመዘገብ ቀረ።

ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከሚሲዮን የመጡ የእጅ ሠራተኞች መድፍ ለማቅለጥ በታዘዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራቸው እንዳልተሳካላቸው አንብቤአለሁ። ያን ሰሞን ይህንን እያሰብሁ ራሴን አጽናና ነበር። የእነርሱ ብረት ባይቀልጥ ግን ወዲያው ይታያል። የእኔው ስሕተት ንጹሕ መዝገብ መስሎ ተቀመጠ።

መድኃኒቱን ስንፈልግ በመጀመሪያ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። መምህራችን «ነገሩን ለምን ታካብዳላችሁ? በኮምፒዩተሩ ጀርባ ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ ይህ የዝናብ፣ ይህ የአፈር ነው በሉ፤ ሊኑክስም ገመዱ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ገባ ለይቶ ሊነግራችሁ ይችላል» አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ሊኑክስ ከተራ ቁጥሩ ሌላ እንደ ቀዳዳው አቀማመጥ የሚጠራበት ስምም አለው። ወረቀቱን ለጠፍን፤ ሁለት ሳምንትም በደንብ ሠራ። ከዚያ ቤተ ሙከራው ሲጸዳ ገመዶቹ ተነቀሉ፤ ወረቀቱም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሄደ። የጸዳው ክፍል በጣም ያምር ነበር።

እኔ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። ወደ አገራችን ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል? እንግዳው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥም «ማን ልበል?» ተብሎ ይጠየቃል። በላይኛው በር መጣ፣ በታችኛው በር መጣ፣ ስሙ ከበሩ አይገኝም፤ ከራሱ አፍ ነው የሚገኘው። የእኔ ፕሮግራም ግን እንግዳውን በገባበት በር ይጠራው ነበር።

ደግነቱ ዩኤስቢ ሲሠራ ይህ ጥያቄ በውስጡ ተቀምጦለታል። መሣሪያ በተሰካ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከሁሉ አስቀድሞ ማንነቱን ይጠይቀዋል። መሣሪያውም 18 ባይት በምታህል አጭር መግለጫ ይመልሳል። በዚያች መግለጫ ውስጥ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው የኩባንያው መለያ ነው፤ ሁለተኛው የምርቱ መለያ ነው። የእንግዳው አገርና የአባቱ ስም እንደ ማለት ነው። ለምሳሌ ሲኤች340 በኩባንያው 1ኤ86፣ በምርቱ 7523 ይባላል። ሲፒ2102 የሚባለው ሌላው አስተርጓሚ 10ሲ4 እና ኢኤ60 ነው። በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ያለው ኤፍቲዲአይ የሚባለው ኩባንያ መለያው 0403 ሲሆን፣ ከታወቁት ቺፖቹ አንዱ 6001 የሚል የምርት ቁጥር አለው። በፓይተን ፓይሲሪያል የሚባለው መሣሪያ ያሉትን የሲሪያል በሮች ሁሉ ከነቁጥራቸው ዘርዝሮ ይሰጠናል። እንግዲህ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሥራ ዝርዝሩን ማየትና 1ኤ86፣ 7523 ያልሆነውን ሁሉ ማለፍ ሆነ። ስለ ሌላው የሲሪያል መሣሪያ ምን አገባን!

ይህን ካደረግን በኋላ ሥራው ያለቀ መሰለን፤ ግን ገና ነበር። ሁለቱም ሰሌዳዎቻችን ያንኑ ቁጥር ይላሉ። ሁለት ወንድማማቾች መጥተው ማን ልበል ሲባሉ ሁለቱም የአባታቸውን ስም ብቻ ቢናገሩ ባለቤቱ ምን ያውቃል? አንዳንድ ቺፖች ከእነዚህ ሌላ የየራሳቸው ተራ ቁጥር አላቸው፤ የኤፍቲዲአይ ቺፖች ይህን ቁጥር በውስጣቸው ጽፈው ሊይዙ ይችላሉ። የእኛው ርካሽ ሲኤች340 ግን የለውም። ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቁጥሩን ብቻ ማመን የሚያመጣውን ችግር ከሌሎችም ተምረናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ከሊኑክስ ዝርያዎች አንዱ አዲስ እትም ሲያወጣ፣ ለዓይነ ስውራን የብሬል ጽሑፍ መሣሪያዎችን የሚያገለግል ፕሮግራም አብሮ ነበረበት። ከእነዚያ የብሬል መሣሪያዎች አንዱ በውስጡ ያለው አስተርጓሚ ሲኤች340 ነው፤ ቁጥሩም ያው 1ኤ86፣ 7523 ነው። ስለዚህ ሰው አርዱኢኖውን በሰካ ቁጥር ያ ፕሮግራም «የእኔ የብሬል መሣሪያ መጣልኝ» ብሎ ፈጥኖ ይይዘው ነበር፤ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»ም ታይቶ ይጠፋል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አሳባቸው የተቀደሰ ነበር፤ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ማንንም ሳይለምን መሣሪያው በራሱ እንዲታወቅለት ነው የፈለጉት። ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አስተርጓሚው እንጂ ከአስተርጓሚው በስተጀርባ ስላለው ጌታ አይደለም።

የሚቀጥለው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። የኤፍቲዲአይን ቺፕ አስመስለው የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በ0403 እና በ6001 ስምም ይሸጡት ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የተሠራጨ የኩባንያው ድራይቨር አስመሳዮቹን ለይቶ የምርት ቁጥራቸውን ወደ 0000 ለወጠው። ከዚያ ወዲያ የተሰኩበት ኮምፒዩተር ሁሉ አላውቃችሁም ይላቸው ጀመር። ብዙ ሰዎች ገዝተው የሚሠሩበት ዕቃ አስመሳይ መሆኑን ያወቁት ያን ቀን ነው። ቁጣው ስለ በረታ ድራይቨሩ ከማሻሻያው ተነሣ። ስለዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ሐሰተኛ ዕቃ የሠራ ሰው መቀጣቱን አልቃወምም፤ ቅጣቱ ግን የደረሰው በሠሪው ላይ ሳይሆን ሳያውቅ በገዛው ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ የመጣውን ራሱን መጠየቅ ሆነ። በሰሌዳዎቹ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም አሻሻልን። ከኮምፒዩተሩ አንዲት የጥያቄ ምልክት በመጣች ጊዜ አንዱ «እኔ ዝናብ ነኝ»፣ ሌላው «እኔ አፈር ነኝ» ብሎ እንዲመልስ አደረግን። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው የዮርዳኖስ መሻገሪያ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ የገለዓድ ሰዎች መልካ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል እያሉ በአነጋገሩ ይለዩት ነበር። የእነርሱ ጥያቄ ለሞት ነበር፤ የእኛው ለመዝገብ ነው። ዘዴው ግን አንድ ነው።

አሁን ሊሠራ ይገባዋል ብለን ሞከርነው። አልመለሰም። ደግመን ብንጠይቅ አልመለሰም። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስንፈትሽ ዋልን። በመጨረሻ ምክንያቱ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ የአርዱኢኖውን በር በከፈተ ጊዜ ሰሌዳው እንደ አዲስ ተነሥቶ ሥራውን ከመጀመሪያ ይጀምራል፤ እንዲህ ሆኖ የተሠራው አዲስ ፕሮግራም ለመጫን እንዲመች ነው። ተነሥቶ እስኪዘጋጅም 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እኛ በሩን አንኳኩተን ወዲያው እንጠይቀዋለን፤ እርሱ ገና ከእንቅልፉ እየተነሣ ጥያቄውን አይሰማም፤ እኛም ሰው የለም ብለን እንሄዳለን። ቡሄ የጨፈረ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። በየደጁ ሄዶ ከዘፈነ በኋላ ባለቤቱ ሙልሙሉን ይዞ እስኪወጣ መታገሥ አለ፤ ወዲያው የሚሄድ ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በሩን ከከፈተ በኋላ 2 ሰከንድ ተኩል እንዲታገሥ፣ ከዚያ እንዲጠይቅ፣ ከጠየቀም በኋላ ለመልሱ ጥቂት እንዲጠብቅ አደረግነው። ግን ለዘለዓለም አይጠብቅም፤ ልክ አበጅተንለታል። መልስ በሌለው ደጅ ላይ ቆሞ የሚቀር ፕሮግራም የሌላውን ደጅ ዝናብ ያሳልፋል።

የአፈሩ ሴንሰር የራሱ ጠባይ ስላለው እርሱንም ልንገራችሁ። ዲኤስ18ቢ20 ኤሌክትሪክ ባገኘበት በመጀመሪያው ቅጽበት፣ ምንም ሳይለካ ቢጠየቅ 85 ዲግሪ ይላል። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ ራሱ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ 85 ዲግሪ የሆነ የድንች መደብ ድንቹን ቀቅሎ ያቀርብልን ነበር። ስለዚህ ሰሌዳው በተነሣ ቁጥር ሳይለካ የሚናገረውን ይህን ቁጥር አንቀበለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ያገኙትን በር ሁሉ እየከፈቱ መጠየቅ መልካም ጠባይ አይደለም። ከሲሪያል ገመድ በስተጀርባ ሞተር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ሊኖር ይችላል፤ ለእኛ ጥያቄ የሆነች ፊደል ለእርሱ ትእዛዝ ብትሆንስ? ስለዚህ አስቀድሞ በኩባንያውና በምርቱ ቁጥር መለየት፣ ከዚያ የተለዩትን ብቻ መጠየቅ ይገባል። ቁጥሩን ብቻ ማመን ያሳስታል፤ ቁጥሩን ሳያዩ መጠየቅም ያስቀይማል።

ስሕተት የሚሆን ቁጥር የሚጠብቁትን ሁለቱን ጠባቂዎቼንም ሻርኋቸው ማለት አይደለም። ሥራቸውን ለወጥሁት እንጂ። ዛሬ ቁጥር ሲያጠራጥራቸው የመጣውን እንደ መጣ ይጽፉና በአጠገቡ ምልክት ያደርጉበታል። ስሙን የተናገረ ሴንሰር ካልተገኘ ደግሞ ፕሮግራሙ 0 አይጽፍም፤ «አልታወቀም» ብሎ ይጽፋል። ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም 0 ማለት ሰማዩን አይቻለሁ፣ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። «አልታወቀም» ማለት ግን አላየሁም ማለት ነው። ከፎገራ በላይ ስንት ዝናብ እንደ ወረደ ለሚያሰላ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ቤት ያህል ነው። በፋይላችን ውስጥ ከነሐሴ 13 እስከ 16 ያሉትን ቀኖችም ይህንኑ ቃል ጻፍንባቸው። መምህራችን ከሜትዮሮሎጂ ጣቢያው ቁጥር ተቀብለን ብንሞላው ምን አለበት ብለው ነበር። እኛ ግን መዝገቡ የእኛ ደጅ ዝናብ ነውና ክፍት ይቅር አልን፤ እርሳቸውም ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ብዙ ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ይህንን ለደብረ ታቦር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ኮምፒዩተሩም በተነሣ ቁጥር ሁለቱን ገመዶች ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ ለይቶ ሥራውን ይጀምራል። ገመድ በመካከል ቢነቀል በየ5 ሰከንዱ ተመልሶ ይፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ «አፈር» አልመልስም ብሎ ዋለ፤ ሄደን ብናይ ሽቦውን አይጥ በልቶታል። መዝገቡም ያን ቀን «አልታወቀም» ይላል።

አሁን ብዙ ሳላሰለቻችሁ ነገሩን በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ኮምፒዩተሩን ከቤተ ሙከራው አምጥተን በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። ሁለቱ ገመዶች እነዚህ ናቸው፤ ምንም ምልክት አልተደረገባቸውም። በጀርባው አራት ቀዳዳ አለ። አንድ ሰው መጥቶ ሁለቱን ነቅሎ በፈለገው ቀዳዳ ይሰካልኛል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ከተሰካ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሰሌዳዎቹ እስኪነሡ ነው። ከዚያም ይህን የጣሳ ውሃ በመለኪያው አፍ ቀስ አድርጋችሁ ስታፈሱ ቁጥሩ በዝናብ ዓምድ ላይ ይወጣል።

ዘበኛችን ከኋላ ቆመዋል። አባባ፣ ካፖርትዎን ይዘው ወዲህ ይምጡ፤ መጀመሪያ የሚሰኩት እርስዎ ነዎት።